ሊቀ ጳጳሱ ከተመለሱ

ሊቀ ጳጳሱን የተዋወቅኳቸው ደንቨር ዳር ባለችው እንግልውድ፣ ዓይናቸው የደከመ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ሳሎን ውስጥ ነው። ፈረንሳዊ ናቸው፤ ከሞቱ ሰባት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። እኔ ግን ያን ሰሞን፣ የኢራቅ ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ፣ በሕይወት እንዳለ ዘመድ ስለ ጤናቸው ስጨነቅና ስለ ጉዟቸው ስጸልይ ነው የከረምኩት። ሰው ቢሰማ ያበድኩ ይመስለው ስለነበር ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሚስቴም ቢሆን።

ሽማግሌው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም። የእኔ ሥራ ጠዋት ገብቶ ገላቸውን ማጠብ፣ ቁርስ ማብላት፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መስጠት፣ ከዚያ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ማሞቅ ነበር። የዓይናቸው መሀል ጠፍቶ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚያዩት፤ ፊቴን ለማየት ሲፈልጉ ጆሮዬን ይመለከታሉ። ሥራ ካቆሙ ጀምሮ የዚያን ሊቀ ጳጳስ የሕይወት ታሪክ ሲጽፉ ኖረው፣ ጨርሰው ሊያርሙት ሲሉ ዓይናቸው ከዳቸው። በታይፕ የተመታው ወረቀት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ አቧራ ይጠጣል።

እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበርኩ። በእኛ ጊዜ እርማት የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይከተላል። አንባቢው ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን ሳይቀር በስሙ እየጠራ ነው የሚያነበው። ይህን አንድ ቀን ሻይ ሳቀርብላቸው ባጫውታቸው ሽማግሌው ቀና ብለው ጆሮዬን አዩና፣ «ታዲያ እስካሁን ምን ትጠብቅ ነበር?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ምሳ ሲያልቅ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይከተላሉ። የፈረንሳይ ስም ሲያጋጥመኝ እኔ እንደ ድንጋይ አኝከዋለሁ፣ እሳቸው በሳቅ ይንፈራፈራሉ። «ኮማ! ፒሪየድ!» እያልኩ ስጮህ ጎረቤት ቢሰማ ፊደል የማስቆጥር ይመስለው ነበር።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ሊቀ ጳጳሱን አልወደድኳቸውም። ድሃ መነኩሴ ነበሩ፤ ተምረው ተሾሙ። ከተሾሙ በኋላ ደግሞ በፈረስ ከደብር ደብር እየዞሩ ቄስ የሚመረምሩ ሆኑ። ማን ይሰክራል፣ ማን ቁማር ይጫወታል፣ ማን ሴት አስቀምጧል፣ ሁሉን ይጠይቃሉ፣ ሁሉን ይገሥጻሉ። ሴት መነኮሳቱ ውሻ አሳደጉ ብለው እንኳ ይቆጣሉ። እኔ ተቆጣጣሪ የሚባል ፍጡር አልወድም፤ ማተሚያ ቤትም እዚህም የሚበቃኝን አይቻለሁ። ሆኖም ቁርጥማት ነበረባቸው፤ እግራቸው ብሶባቸው ፈረስ ላይ መውጣት ሲያቅታቸው አልጋ ይዘው ይውላሉ። እዚያ ላይ ስደርስ ራራሁላቸው፤ ጉልበቴን እኔም አውቀዋለሁና።

እንግዲህ እሳቸው በወረቀቱ ላይ ፈረስ ሲጋልቡ ነው ልጄ ወታደር ልሁን ብላ የመጣችው። አንድ ልጃችን ናት። በእቅፍ ነው ያመጣናት፤ ያደገችው ሞንትቤሎ፣ አየር ማረፊያው መንገድ አጠገብ ባለችው ቤታችን ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ቤቱን በጩኸት አናጋሁት። «አንቺ ልጅ! እኔ ከስንት ጦርነት አሽሽቼ ነው እዚህ ያመጣሁሽ!» አልኳት። «አባዬ፣ አይ ኦልሬዲ ሳይንድ» አለችኝ። ሚስቴ አልጮኸችም፤ ሳህኑን አጥባ ጨረሰችና ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ልጅቷ ሠልጥና የቁስለኛ ረዳት ሆነች። የበጋው ሙቀት ሳይበርድ ወደ ኢራቅ ታዘዘች። ልትሄድ ስትል አዲስ ማተብ አንገቷ ላይ አሰርኩላት፤ ቋጠሮው እምቢ ስላለኝ ሚስቴ ናት የጨረሰችው።

ፈሪ ነኝ። ይህን ያወቅኩት ዛሬ አይደለም። በደርግ ጊዜ ለውትድርና አፈሳ ሲመጣ እናቴ ከሰል ከምናስቀምጥበት ጓዳ ወስዳ ከጆንያ ኋላ ደበቀችኝ። የቀበሌ ሰዎች ገብተው «ልጅሽ የት አለ?» ሲሏት፣ ፊቷ ንቅንቅ ሳይል «አጎቱ ጋ ገጠር ሄዷል፤ ብታገኙት ዱቄቱን ይዞ ይምጣ በሉልኝ» አለቻቸው። እኔ ከጆንያው ኋላ ስንቀጠቀጥ ከሰሉ ይንኳኳ ነበር። ሰዎቹ ሲወጡ በሳቅ ፈረሰች። «ፈሪ ለእናቱ ነው፣ ምን ይደረግ» እያለች የጠቆረ ፊቴን ጠረገችው። ይህን ታሪክ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትነግረው ነበር፤ እኔ እቆጣለሁ፣ እሷ ትጨምርበታለች።

ለእናቴ የልጅቷን ነገር ደበቅናት። አዲስ አበባ ከታናሽ እህቴ ጋር ነው የምትኖረው፤ አርጅታለች፣ ልቧም ደካማ ነው። ሌላ ስቴት ለትምህርት ሄደች አልናት። በየሳምንቱ እሑድ ስደውል አስቀድማ የምትጠይቀኝ የልጅቷን ነው።

«ልጅቷ ትምህርቷ እንዴት ነው?»

«ጎበዝ ናት።»

«ብርድ አለ እንዴ ያለችበት?»

«የለም፣ ሙቀት ነው።»

«እንግዲያ ውኃ በደንብ ትጠጣ በላት» ትለኛለች። እኔም እሺ ብዬ ስልኩን ዘግቼ ላቤን እጠርጋለሁ።

ልጄ በሄደች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይመስለኛል፣ ከምሳ በኋላ አዲስ ምዕራፍ ጀመርን። የፈረንሳዩ ንጉሥ ባሕር ተሻግሮ ለመስቀል ጦርነት ሊዘምት ነው። ሊቀ ጳጳሱ የንጉሡ ወዳጅ ስለሆኑ መስቀል ልብሳቸው ላይ አሰፍተው ከነቁርጥማታቸው አብረው ሊሄዱ ነው። በእኛም አገር ንጉሥ ሲዘምት ታቦት ይከተል ነበርና ጳጳስ መዝመቱ አልደነቀኝም። የደነቀኝ የራሴ ሐሳብ ነው። ድንገት በሆዴ፣ «ሊቀ ጳጳሱ ከተመለሱ ልጄም ትመለሳለች» አልኩ። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። እኔ ጠንቋይ ቤት የማልሄድ፣ ሕልም የማላስፈታ ሰው ነኝ። አንዴ ካሰብኩት በኋላ ግን ሐሳቡን መመለስ አቃተኝ። በዚያው ቅጽበት፣ ሳይመለሱ ከቀሩስ የሚል ሌላ ሐሳብ ገባ።

ሽማግሌው፣ «ይህ ዘመቻ መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» ብለው ሊነግሩኝ ሲጀምሩ፣ «እንዳይነግሩኝ!» ብዬ ጮህኩ። ሻያቸው ፈሰሰ። ደነገጡ፤ እኔም ከእሳቸው በላይ ደነገጥኩ። «ታሪክ በተራው ሲሰማ ነው የሚጥመው» አልኩ እያጸዳሁ። በማግስቱ ገላቸውን ሳጥብ፣ «ልጅህ የት ናት ያልከኝ?» አሉኝ። የት እንዳለች ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። አሁን ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ ሳነብ «ለዛሬ ይበቃል» ይላሉ፤ ወረቀቱን ራሳቸው በእጃቸው ዳብሰው ይገለብጡታል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እኔ ያን ዓመት በየሰዓቱ የሚደርስ ነገር እጠብቅ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት መርዶ እንዴት እንደሚነገር ነግረውናል። የደንብ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች መኪና አቁመው በር ይደውላሉ። ስለዚህ መንገዳችን ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና ባየሁ ቁጥር ደሜ ይደርቃል። አንድ ጠዋት በሩ ተደወለ። በቀዳዳው ሳይ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፣ ክራቫት ያሰሩ፣ ፀጉራቸው አጭር የሆነ ሁለት ወጣቶች ቆመዋል። በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም፤ የማስታውሰው ወለሉ ላይ ተዘርግቼ መገኘቴን ነው። ልጆቹ ለካ ቤት ለቤት ሃይማኖታቸውን የሚሰብኩ ናቸው። አንደኛው ወጥ ቤት ገብቶ ውኃ አመጣልኝ፣ ሌላው በመጽሐፉ እያራገበ አበረደኝ። ሲሄዱ አመስግኛቸዋለሁ፤ እነሱ ጸሎታቸው የሠራ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት።

ከአሜሪካኖቹ ይልቅ ግን የምፈራው የእኛን ነው። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። መጀመሪያ ጎረቤቱ ይሰማል፣ ከዚያ እድሩ፣ ከዚያ ቄሱ፣ ከዚያ የሩቅ ዘመድ። አገር ሁሉ አውቆ ባለቤቱ ብቻ ሳያውቅ ይበላል፣ ይስቃል፣ ሥራ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ማለዳ ሁሉም ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ደንቨር ገብተንም ይህ አልቀረም፤ እኔ ራሴ ከእድሩ ጋር ሆኜ የስንቱን በር አንኳክቻለሁ። መርዶ የሚጠብቀውን ሰው ገበያ ላይ አግኝቼው ምንም እንዳልሰማሁ ስቄ አቅፌው አውቃለሁ። ስለዚህ ሰው ለእኔም ሲስቅልኝ መፍራት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ኦሮራ፣ ሀቫና መንገድ ላይ ካለው የእኛ ሰው ሱቅ ሥጋ ልገዛ ገባሁ። ሥጋ ቆራጩ ልጅ ያዘዝኩትን ከመዘነ በኋላ ከምርጡ ትልቅ ጉማጅ ጨመረበት። «ይሄ ከእኔ ነው፣ ጋሼ» አለኝ በትሕትና። ይህ ልጅ ለእናቱም የማይጨምር ቆጥቋጣ ነው። እጄ በራሱ ሄዶ ሽርጡን ጨመደደው።

«ምን ሰማህ?» አልኩት።

«ምን እሰማለሁ?»

«አትደብቀኝ! ለምን አዘንክልኝ?»

ልጁ ቢላውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል እኮ» አለኝ። «ከዛሬ በኋላ ማን ይገዛኛል? ፍሪጅ ውስጥ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው።» ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። እኔም እንደ ሳቀ ሰው ጥርሴን አሳይቼ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ስገባ ግን ሥጋውን ጭኔ ላይ አድርጌ ለረጅም ጊዜ ሞተር ሳላስነሳ ተቀመጥኩ።

ጾሙ ከገባ በኋላ እንግልውድ ውስጥ በንባባችን የዘመቻው ሰፈር ላይ ደረስን። ሠራዊቱ የሰሜን አፍሪካ ባሕር ዳር ላይ ሰፍሯል። ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ውኃው ቆሻሻ ነው፣ ተቅማጥ ገብቶ ሰዉ ጦር ሳይነካው ይረግፋል። ንጉሡ ታሞ ድንኳኑ ውስጥ ተኝቷል። አንድ ልጁም አብሮት ዘምቶ ነበር፤ ልጁ ሞተ። ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር አንብቤ ስጨርስ ነጥቡን መጥራት ረሳሁ። አባትዬው እንዳይሰማ ደበቁት ይላል።

«ቀጥል» አሉኝ ሽማግሌው።

«ሊቀ ጳጳሱስ ያውቁ ነበር?» አልኩ።

«ይህን የጻፈ የለም» አሉ። «ግን ወዳጁ ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ እየገቡ እየወጡ እንዴት አያውቁም?»

«እና ፊቱን እያዩ ዝም አሉ?»

«ዝም ብለው ይሆናል።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት። ያን ቀን መድኃኒታቸውን ዳብሰው የቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ወደ ቤት ስነዳ አንድ ነገር ብቻ ነው በጭንቅላቴ የሚዞረው፤ አውቆ የሚደብቀኝ ማን ነው? ሚስቴ ሰሞኑን ጸሎት አብዝታለች። ቄሱ ባለፈው እሑድ እጄን ከወትሮው አጥብቀው ይዘውኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው የማየው ሁሉ እባብ ሆነብኝ። ያን ቀን ስልኬን ዘጋሁት። ልጄ ስትደውል በሚስቴ ስልክ ስለሆነ የእኔ መዘጋት ማንንም አይጎዳም ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያ የምከፍተው እሑድ ለእናቴ ለመደወል ብቻ ሆነ። በመጨረሻው እሑድ ድምጿ ደከም ብሎ ነበር። «ጉንፋን ነው» አለችኝ። «ልጅቷ ውኃ ትጠጣለች?» አለችኝ።

ከዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ፣ በረዶው ከጣሪያው እየቀለጠ ሲንጠባጠብ፣ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ወዲያው ሌላ ተዘጋ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። መንገዳችን ዳር ግራና ቀኝ መኪና ቆሟል፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ቄሱ ወረዱ። የእድራችን ሽማግሌ፣ አባት የምንላቸው፣ ጋቢያቸውን ደርበው በሰው ተደግፈው ወረዱ። ከኋላቸው ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። አካሄዳቸውን አውቀዋለሁ፤ እኔም እንደዚያ ሄጄ አውቃለሁ፣ ኮቴ እንዳይሰማ፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ።

ቁልፉን አዞርኩ፤ ሰንሰለቱን አስገባሁ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጬ በጀርባዬ በሩን ደገፍኩት። ሲያንኳኩ እንጨቱ ጀርባዬን መታኝ።

«እኛ ነን፣ ልጄ፣ ክፈት» አሉ የእድሩ ሽማግሌ።

«አልከፍትም!» አልኩ። «ይዛችሁት ሂዱ! እኔ አልሰማም!»

በዚያ ሰዓት የነበረኝ እምነት ይኸው ነው፤ እኔ ካልሰማሁት ነገሩ አልሆነም። በሩን እስከያዝኩት ልጄ በሕይወት አለች። ዓመት እንኳ ቢሆን ልይዘው ቆርጬ ነበር። ከጉሮሮዬ የሚወጣው ድምፅ የእኔ አይመስለኝም፤ የታሰረ ከብት ድምፅ ነው። ሚስቴ ከመኝታ ቤት መጣች። ልብሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራለች። ይህን ሳይ እሷም ታውቅ እንደነበር ገባኝና ዓይኔን ጨፈንኩ።

እሷ ግን ወለሉ ላይ ያለሁትን አየችኝና ምን እንደመሰለኝ ያን ጊዜ ገባት። ወጉ ቄሱ እስኪናገሩ መጠበቅ ነው። አልጠበቀችም። ተንበርክካ አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች።

«ልጃችን አይደለችም» አለችኝ። «ልጃችን ደህና ናት። እናትህ ናት።»

«ተመስገን!» አልኩ።

በሹክሹክታ አይደለም። ባለኝ ድምፅ ሁሉ ነው የጮህኩት። «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» እያልኩ ተነሥቼ ሰንሰለቱን ፈታሁና በሩን ከፈትኩላቸው። ሰዉ ደጃፍ ላይ ደርቆ ቆሟል። ለለቅሶ አፋቸውን የከፈቱት ሴቶች እንደከፈቱ ቀሩ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልሰው ብል ወዴት አባቴ እመልሰዋለሁ! የእናቴን መርዶ በምስጋና የተቀበልኩ ሰው ሆኜ ፊታቸው ቆምኩ። ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። «ግድ የለም፣ ግባ» አሉኝ። «እናትህም ቢሆኑ ይህንኑ ነበር የሚሉት።» ለማጽናናት ያሉት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰው ሲገባ ሲወጣ ሰነበተ። ሚስቴ አለቀሰች፣ ሴቶቹ አለቀሱ፤ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ እንባ አጣሁ። ስለ እናቴ ላስብ ስሞክር «ልጃችን ደህና ናት» የሚለው የሚስቴ ድምፅ ይመጣና ሰውነቴ ሁሉ ይፍታታል። ጉድ ነው። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል ለእሷም የማለቅስ መስዬ አፍንጫዬን ሳብ ሳብ አደረግኩ።

ለልጃችን ደግሞ አልነገርናትም። እዚያ ሆና ሐሳቧ ሲከፈል አንድ ነገር ትሆናለች ብለን ፈራን። ስትደውል፣ «እማማ እንዴት ናት?» አለችኝ፤ አያቷን እማማ ነው የምትላት። «ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» አልኩ። መስመሩ ዝም አለ፤ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ «ኦኬ፣ አባዬ» አለች።

ወደ እንግልውድ ስመለስ አሜሪካዊው ሽማግሌ ስለ እናቴ ሰምተው ኖሮ እጄን ዳብሰው ያዙኝ። ከዚያ «እናንብብ» አሉ። ያን ቀን አንድ ገጽ ላይ አላስቆሙኝም። ንጉሡ ድንኳኑ ውስጥ ሞተ። መርከብ ተዘጋጀ። ሊቀ ጳጳሱ ከተረፉት ጋር ሆነው፣ የንጉሡ አፅም በሣጥን ሆኖ ከሠራዊቱ ጋር እየተመለሰ፣ ሀገራቸው ገቡ። ወደ ከተማቸው ተመለሱ የሚለውን አነበብኩ። «ፒሪየድ» አልኩ በጭንቅ።

«ተመለሱ» አሉ ሽማግሌው። «ብዙ ዓመት አልኖሩም፤ ግን አልጋቸው ላይ ነው የሞቱት። መጀመሪያ ቀን ልነግርህ እችል ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

ምልክቴ ሠመረ፤ ፍርሃቴ ግን ቤቱን አልለቀቀም። ወረቀት ላይ ያሉ ጳጳስ ቢመለሱ ለልጄ ምን ይረባታል? እሳቸው ሰላም ገቡ፣ እሷ ገና እዚያው አሸዋ ላይ ናት። እስክትመጣ ድረስ መጋረጃውን እየገለጥኩ መንገዱን ሳይ ከረምኩ።

መጣች። መከር ሊገባ ሲል ደንቨር አየር ማረፊያ ተቀበልናት፤ ከስታለች፣ ፊቷ ጠቁሯል፣ ማተቧ አንገቷ ላይ አለ። እናቷ አቅፋት አልለቅ አለች። የአያቷን መርዶ አየር ማረፊያ ላይ መንገር ነውር ነው። መጀመሪያ ቤት ትግባ፣ እህል ትቅመስ፣ ከዚያ የእድሩ ሽማግሌ ይናገራሉ ተባብለናል። ቤት ስንደርስ ሳሎኑ ሞልቶ ጠበቀን። በላች። ሳህኑ ሲነሣ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ያ የጥንቱ መንቀጥቀጥ ጀመረኝ፤ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ይንኳኳል። ልጄ ዙሪያውን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ ከዚያ ተነሥታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ጉልበቴን በእጇ ያዘችው።

«አባዬ፣ ኢትስ ኦኬ» አለችኝ። «አይ ኖው። እማማ እንደሞተች አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አክስቴ። ከዛ ሆኜ ካርድ እየገዛሁ ለእማማ ኮል አደርጋት ነበር፤ ኦል ዘ ታይም። አንድ ቀን አክስቴ ስልኩን አነሣችና እያለቀሰች ነገረችኝ።»

«ታዲያ ኢራቅ መሆንሽን እናቴ ታውቅ ነበር?» አልኳት።

«መጀመሪያ ቀን ነው የነገርኳት። የት ነሽ አለችኝ፤ ልዋሻት አልቻልኩም።»

እሑድ እሑድ ብርድ አለ እንዴ፣ ውኃ ትጠጣለች እንዴ እያለች ስትጠይቀኝ የነበረው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ከሰል ጓዳው በር ላይ ቆማ ፊቷ ንቅንቅ ሳይል ስለ ዱቄት የነገረቻቸው ሴት ናት።

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

«እኔ እቀድምሻለሁ፣ አትፍሪ አለችኝ። ኤቭሪ ታይም እሱን ነው የምትለኝ። ስትሞት ራሱ፣ አክስቴ እንደነገረችኝ፣ ቀደምኳት፣ ተመስገን ነው ያለችው።»

ሽማግሌው አማተቡ። ሚስቴ እኔን አየችኝ።

«ለእኔስ ለምን ዝም አላችሁኝ?» አልኳት ልቆጣ እየሞከርኩ።

ልጄ እያለቀሰች ሳቀች። «እሷ ናት አትንገሪው ያለችኝ» አለች። «ለአባትሽ ማወቄን እንዳትነግሪው፤ እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ፈሪ ነው፣ እኔ የማላውቅ ሲመስለው ትንሽ ይጠነክራል አለችኝ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ሰዉም ተከትሏቸው ሳቀ። ለእናቴ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።